ታንኳው ለምን ከበደ? «ኮምፒውተር ዳዊት ደጋሚ እንጂ አዋቂ አይደለም» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ባለፈው ሳምንት አንድ ጽሑፍ በአንድ ቀን ከሦስት ሰው ደረሰኝ። መጀመሪያ የሥራ ባልደረባዬ በቴሌግራም ላከችልኝ። ቀጥሎ ወንድሜ። ማታ ደግሞ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ «ቲቸር፣ እስቲ ይህን ያንብቡት፤ ምን ይላሉ?» ብሎ ላከልኝ።

ርዕሱ «ኮምፒውተር ዳዊት ደጋሚ እንጂ አዋቂ አይደለም» ይላል። ጸሐፊው የባሕር ዳር ሰው መሆናቸው ከአጻጻፋቸው ያስታውቃል። ጣና አለበት፣ የኔታ አሉበት፣ ቅኔ አለበት። አማርኛቸው ያምራል። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በሁለተኛው ግን ቅር እያለኝ መጣ። ያማረውን ያህል ትክክል ሆኖ አላገኘሁትም። እኔ የሒሳብ አስተማሪ ነኝ። ተማሪዎቼ ስልካቸው ላይ ካለው ማሽን ጋር የሚያሳልፉት ሰዓት ከእኔ ጋር ከሚያሳልፉት ይበልጣል። ስለዚህ ነገሩ ለእኔ የቡና ላይ ወሬ ብቻ አይደለም።

በቅድሚያ የጸሐፊውን ሐሳብ ሳላዛባ ላስቀምጥ። ኮምፒውተር ሰው ያዘዘውን ብቻ ነው የሚሠራው፣ ከራሱ የሚያመነጨው የለም ይላሉ። ቃላት ይደረድራል እንጂ ትርጉማቸውን አያውቅም፤ ግዕዝ ሳያውቅ ዳዊት እንደሚደግም የንባብ ቤት ልጅ ነው። በአማርኛ «ገባኝ» የምንለው ነገሩ ወደ ውስጣችን ስለሚገባ ነው፤ ማሽን ግን ውስጥ ስለሌለው የሚገባው ነገር የለም። አካልም የለውም፤ የጣና ውሃ ነክቶት የማያውቅ ዕቃ «ውሃ» ሲል ባዶ ድምፅ ነው። ቅኔም አይፈታም። በመጨረሻም ማሰብ የነፍስ ሥራ ነው፣ ነፍስ ደግሞ የእግዚአብሔር ስጦታ ናት ብለው ይዘጋሉ። ምክራቸው አጭር ነው፦ ምንም የሚያውቀው ስለሌለ ልጆቻችሁን ከእሱ አርቁ።

ከሁሉ በፊት የምስማማበትን ልናገር። «ሰው ሠራሽ አስተውሎት» የሚለው ስም ከዕቃው በላይ ከብዷል ብለዋል። እውነታቸውን ነው። አስተውሎት በእኛ ቋንቋ እርጋታ አለበት፣ ሰከን ብሎ ማየት አለበት። «አስተዋይ ልጅ ናት» ስንል ፈተና አለፈች ማለታችን አይደለም። ሰው በቀላሉ ይታለላል የሚሉትም ልክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 ኤምአይቲ በተባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ይሠራ የነበረው ጆሴፍ ዋይዘንባውም «ኤላይዛ» ስለተባለች ፕሮግራም ጽፎ ነበር። ፕሮግራሟ ሰው የጻፈላትን ዓረፍተ ነገር ገልብጣ በጥያቄ መልክ ትመልስ ነበር፤ ሌላ ሙያ አልነበራትም። ያም ሆኖ የራሱ የዋይዘንባውም ጸሐፊ ከፕሮግራሟ ጋር ስታወራ ብቻዋን መሆን ፈልጋ እሱን ከክፍሉ እንዲወጣላት ጠየቀችው። ስለዚህ ማሽን ስላወራ ብቻ ገብቶታል ማለት አይቻልም። እዚህ ላይ አንድ ነን።

አሁን ወደ ልዩነታችን። «የታዘዘውን ብቻ ይሠራል» የሚለው ክርክር ዕድሜ ጠገብ ነው። እንግሊዛዊቷ የሒሳብ ሰው ኤዳ ላቭሌስ እ.ኤ.አ. በ1843 ስለ ቻርለስ ባቤጅ የስሌት ማሽን ስትጽፍ፣ ማሽኑ ከራሱ ምንም አያመነጭም፣ ማዘዝ የምናውቅበትን ሥራ ግን ይሠራል ብላ ነበር። በእሷ ዘመን ለነበረው ማሽን ትክክል ነበረች። ከኮምፒውተር ሳይንስ አባቶች አንዱ የሆነው አላን ቱሪንግ ግን እ.ኤ.አ. በ1950 በጻፈው ጽሑፍ ይህንኑ ክርክር አንስቶ፣ ማሽኖች እኔን ዘወትር ያስገርሙኛል ሲል መለሰ። ከሱ ወዲህ የሆነው ደግሞ ከዚህ ያልፋል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2016 ሴኡል ላይ አልፋጎ የተባለው ፕሮግራም «ጎ» ከሚባለው በሰሌዳ ላይ ጠጠር የሚደረደርበት ጨዋታ ታላላቅ ባለሙያዎች አንዱ ከሆነው ከሊ ሴዶል ጋር ገጠመ። በሁለተኛው ግጥሚያ 37ኛው ጠጠር ሲቀመጥ ጨዋታውን ያብራሩ የነበሩ ባለሙያዎች ስህተት መስሏቸው ነበር። ፕሮግራሙ ራሱ፣ ሰው ያንን ቦታ የመምረጥ ዕድሉ ከ10,000 አንድ ነው ብሎ ገምቶ ነበር። ያንን ግጥሚያ አሸነፈ። በጠቅላላው ውጤት 4 ለ 1 ረታ። ከሠሩት ሰዎች አንዳቸውም ሊ ሴዶልን ማሸነፍ አይችሉም ነበር። ታዲያ 37ኛውን ጠጠር እዚያ አስቀምጥ ብሎ ያዘዘው ማነው?

ዛሬ በስልካችን የምናወራቸው ማሽኖችም እንዲሁ ናቸው። የአማርኛ ሰዋስው አንድ በአንድ የጻፈላቸው ሰው የለም። እጅግ ብዙ ጽሑፍ ይሰጣቸዋል። የሚቀጥለውን ቃል ወይም የቃል ቁራጭ ይገምታሉ። ሲሳሳቱ ውስጣቸው ያሉት ቁጥሮች በጥቂቱ ይስተካከላሉ። ይህ እጅግ ብዙ ጊዜ ይደጋገማል። የሰው ትእዛዝ «ተማር» የሚለው ላይ ያበቃል፤ ምን እንደተማሩ ለማወቅ ሠሪዎቻቸው ራሳቸው ገና እየመረመሩ ነው። እኔም ካልኩለስን ከራሴ አላመነጨሁም። ተምሬው ነው።

በዚሁ የጽሑፋቸው ክፍል «ይቆጥራል እንጂ አያስብም» የሚል ቃል አለ። ሒሳብ አስተማሪን የሚነካ ቃል ነው። በግዕዝ «ሐሰበ» ማለት ቆጠረም አሰበም ነው። የበዓላትና የአጽዋማት ቀን የሚወጣበት ባሕረ ሐሳብ፣ «ወንበር» የሚባለውን ቁጥር በ11 አባዝቶ፣ በ30 ገድፎ «አበቅቴ» የሚባለውን የሚያወጣ ስሌት ነው፤ አባቶቻችን ግን ሐሳብ ብለውታል። የቃል ሥር ማስረጃ እንደማይሆን አውቃለሁ። ግን ቆጠራና ማሰብ እሳትና ውሃ ናቸው ብሎ ከመጀመር በፊት ሊታሰብበት ይገባል።

ወደ ዳዊቱ ልምጣ። የጽሑፉ ልብ ያለው እዚህ ነው። እኔም እዚህ ጋ እቆያለሁ።

ምሳሌው ሕይወት አለው። ወንድሜ በልጅነቱ ንባብ ቤት ገብቶ ነበር። ፊደል ቆጠረ፣ መልእክተ ዮሐንስ አነበበ፣ ዳዊት ደገመ። ገና በሕፃንነቱ መዝሙሩን ሳይደነቃቀፍ ይወጣው ነበር። ምን እያለ እንደሆነ ግን አያውቅም። ጸሐፊው የጠቀሱት ፈላስፋ ጆን ሰርልም እ.ኤ.አ. በ1980 ያለው ይህንኑ የሚመስል ነው። ቻይንኛ የማያውቅ ሰው ክፍል ውስጥ ይቀመጣል። በቀዳዳ የቻይንኛ ጥያቄ ይገባለታል። እሱ ከመመሪያ መጽሐፍ እያየ ምልክቱን በምልክት ይመልሳል። ውጭ ላለው ሰው ቻይንኛ አዋቂ ይመስላል። ለሰውየው ግን አንድም ቃል አልገባውም። ሰርል ኮምፒውተርም ከዚህ አያልፍም አለ።

ግን አንድ ነገር ልጠይቅ። ወንድሜ ግዕዝ እንደማይገባው በምን አወቅን? ጠይቀነው ነው። አባታችን «ይህች ቃል ምን ማለት ናት?» ሲሉት ዝም አለ። አንዱን ግስ ከኃላፊ ወደ ትንቢት ቀይር ቢባል አይችልም ነበር። ከዳዊት ውጭ አንዲት የግዕዝ ዓረፍተ ነገር አይሠራም። በኋላ ቅኔ ቤት ገባ። ግሡን አጠና፣ እርባ ቅምሩን ተማረ፣ ማታ ማታ ቅኔ ሲቆጥር አመሸ። አንድ ቀን ማንም ያልነገረውን ጉባኤ ቃና፣ ሁለት ቤት ያላትን አጭር ቅኔ፣ ይዞ የኔታ ፊት ቀረበ። የኔታ አንዷን ቃል አቃኑለትና ቀጥል አሉት። ያን ጊዜ «ገባው» አልን። ያን ጊዜም ጭንቅላቱን ከፍቶ ያየ ሰው የለም። ደጋሚውን ከአዋቂው የለየነው፣ ያልተነገረውን መሥራት በመቻሉ ነው። ይህ መለኪያ የየኔታ ነው፤ ከውጭ የመጣ አይደለም።

ስለዚህ ማሽኑን በዚሁ ሚዛን ልመዝነው ብዬ ባለፈው ቅዳሜ ወደ ጣና ሐይቅ ዳር ወረድኩ። በሐይቁ ዳር የሚኖሩት የነገደ ወይጦ ታንኳ ሠሪዎች ደንገል የሚባለውን የውሃ ዳር ተክል ታንኳ አድርገው ሲያስሩ ከልጅነቴ ጀምሮ አይቻለሁ። የደንገል ታንኳ ውሃ ይጠጣል። ለዚህ ነው ባለቤቱ ከሥራ ሲመለስ ከውሃ አውጥቶ ፀሐይ ላይ የሚያቆመው። ስልኬን አውጥቼ በአማርኛ ጻፍኩ። «ሁለት ሰዎች እኩል የሆነ የደንገል ታንኳ አላቸው። አንዱ ሌሊቱን ውሃ ላይ አስሮ አደረ። ሌላው አውጥቶ ዛፍ ላይ አስደገፈው። ጠዋት የማን ይከብዳል? ለምን?» የመጀመሪያው አለ፤ ደንገሉ ሌሊቱን ውሃ ስለሚጠጣ።

እሺ፣ ይህን የሆነ ቦታ አንብቦት ይሆናል። ስለዚህ ነገሩን አዞርኩት። «ታንኳዎቹ ከባዶ ጄሪካን የተሠሩ ቢሆኑስ?» ክዳናቸው በደንብ ከተዘጋ ልዩነት አይኖርም አለ። «በአንዱ በኩል ያለው ጄሪካን ቢሰነጠቅስ?» ታንኳው ወደዚያ ወገን ያዘነብላል፣ ጭነቱን ወደ ሌላው ወገን አዙሩት አለ። «ወደ ደንገሉ እንመለስ፤ ሌሊቱን ዝናብ ቢዘንብስ?» ዛፉ ላይ ያለውም ስለሚረጥብ ልዩነቱ ይጠባል፣ ግን ውሃ ውስጥ ያደረው ሳይብስ አይቀርም አለ።

እነዚህን ጥያቄዎች እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ነው የፈጠርኳቸው። ዳዊት ደጋሚ እንዲህ አያደርግም። ደጋሚ ጥያቄው ሲዞርበት ይቆማል።

የሰርልንም ክፍል በዚህ ዓይን እንየው። ያ መመሪያ መጽሐፍ ምን ይዟል? ሊመጣ የሚችለው ጥያቄ ማለቂያ ስለሌለው የጥያቄና መልስ ዝርዝር አይበቃም። ደንገል ውሃ እንደሚጠጣ፣ ፕላስቲክ እንደማይጠጣ፣ ስንጥቅ ውሃ እንደሚያስገባ፣ የከበደ ወገን እንደሚያዘነብል በሆነ መልክ መያዝ አለበት። ይህን ሁሉ የያዘና እንደ ጥያቄው የሚያገናኝ ነገር ካለ፣ ሰውየው አልገባውም ማለት ምንም ነገር አልገባም ማለት አይሆንም። በእኔ ጭንቅላት ውስጥ ወደ 86 ቢሊዮን የሚጠጉ የነርቭ ሕዋሳት አሉ። አንዷም አማርኛ አታውቅም። አማርኛ የማውቀው እኔ ነኝ። ሰርል ለዚህ መልስ ነበረው፤ ሰውየው መጽሐፉን በሙሉ በቃሉ ቢይዘውስ፣ አሁንም ቻይንኛ አይገባውም ይላል። ግን እንዲህ ያለ መጽሐፍ ሰው በቃሉ የሚይዘው አይደለም። ታሪኩ አንድ ሰው፣ አንድ ወንበርና አንድ መጽሐፍ አሳይቶን፣ ከከተማ ስለሚበልጥ ነገር እንድንፈርድ ይጠይቀናል።

እዚህ ላይ ግን ለጸሐፊው የሚያግዝ ነገር አለ። እሳቸው አልጠቀሱትም። እኔ ብደብቀው ግን ታማኝ አልሆንም። እ.ኤ.አ. በ2023 ተመራማሪዎች አንድ እንግዳ ድክመት አሳዩ። ማሽኑ ሲሠለጥን «ሀ ማለት ለ ነው» የሚለውን ብቻ ከተማረ፣ «ለ ማነው?» ተብሎ በተገላቢጦሽ ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ ይሳሳታል። ይህ ቁርጥ የዳዊት ደጋሚ ጠባይ ነው፤ ወደ ፊት እንጂ ወደ ኋላ አይሄድም። ነገር ግን ያንኑ ዓረፍተ ነገር ፊቱ ላይ ጽፋችሁ ብትጠይቁት ገልብጦ ይመልሳል። እንግዲህ ይህ ፍጡር በአንድ በኩል ደጋሚ ነው፣ በሌላ በኩል ደግሞ ከደጋሚ ያልፋል። «ደጋሚ ነው» ብለን ከዘጋነው ሁለተኛውን አናይም። «ያውቃል» ብለን ከዘጋነው የመጀመሪያው ይጥለናል።

«ገባኝ» የሚለው ክርክራቸው ከሁሉም የወደድኩት ነው። ቋንቋችን ልክ ነው፤ ነገር ሲገባን ወደ ውስጥ ይገባል። ጸሐፊው ግን ማሽን ውስጥ እንደሌለው ሳያዩ ነው የደመደሙት። ያዩ ሰዎች አሉ። ኦቴሎ የሚባል ጨዋታ አለ። 64 ቤት ባለው ሰሌዳ ላይ ጥቁርና ነጭ ጠጠር ይደረደርበታል፤ በሁለት ተቃራኒ ጠጠሮች መሃል የተያዘ ጠጠር ቀለሙ ይገለበጣል። እ.ኤ.አ. በ2022 ተመራማሪዎች እንደ ቻትጂፒቲ ባለ አሠራር የተሠራ ትንሽ ማሽን ወሰዱ። ሰሌዳ አላሳዩትም። ሕጉንም አልነገሩትም። ጠጠር የተቀመጠባቸውን ቤቶች ስም ብቻ በተራ በተራ እየሰጡ ቀጣዩን ገምት አሉት። ሕጉን የጠበቀ ጨዋታ መጫወት ቻለ። እስከዚህ ድረስ ደጋሚ ነው ቢባል አልከራከርም። ከዚያ ግን ከፍተው አዩት። ውስጡ ባሉት ቁጥሮች መሃል የሰሌዳው ሁኔታ ተቀምጦ ተገኘ፤ የቱ ቤት ጥቁር፣ የቱ ነጭ፣ የቱ ባዶ እንደሆነ። ቀጥለው ያንን ውስጠኛ ሰሌዳ ነካኩት። አንዱን ጠጠር ከውስጥ ገለበጡት። ማሽኑ የሚገምተው ቀጣይ እንቅስቃሴም በተቀየረው ሰሌዳ መሠረት ተቀየረ።

የተሰጠው የስም ዝርዝር ነበር። ውስጡ የተገኘው ሰሌዳ ነው። ማንም ሰሌዳ አላስገባለትም፤ ከስሞቹ ቅደም ተከተል ራሱ ሠርቶታል። እውነት ነው፣ ይህ ትንሽ ማሽንና ቀላል ጨዋታ ነው። በትልቁ ማሽን ውስጥ ጣና ከነደሴቶቹ ተቀምጧል ማለቴ አይደለም። «ውስጥ የለውም» የሚለው ግን ከእንግዲህ እንዲሁ የሚነገር አይደለም።

ቀጥሎ አካል። ይህ ክርክር ከባድ ነው። እኔንም ብዙ ጊዜ ያሳስበኛል። የጣና ውሃ ጠዋት እንዴት እንደሚቀዘቅዝ፣ ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ በእጅ ሲያዝ እንዴት እንደሚያሟልጭ ማሽኑ አያውቅም። በዚህ እስማማለሁ። ሲያዝን ይታወቀዋል፣ ሲከፋው ይሰማዋል የሚል ማስረጃም የለኝም። ስሜት ሌላ ጉዳይ ነው፤ እኔ የምከራከረው ስለ መረዳት ነው።

ነገር ግን የነኩትን ብቻ ነው የሚያውቁት? እኔ ሴት ነኝ። ክብራን ገብርኤል የሚባለው የጣና ደሴት ገዳም ሴት አይገባም። ከባሕር ዳር በጀልባ ስንሄድ ደሴቱን ከነዛፎቹ አያለሁ፤ እግሬ ረግጦት አያውቅም። ያም ሆኖ ወንድሜ ሲያወራ፣ አባቴ ሲተርኩ፣ ከመጽሐፍ ሳነብ የማውቀው ብዙ ነው። የቤተ መቅደሱን ቅርጽ ብጠየቅ እመልሳለሁ። ዓይናቸው የማያይ መምህራን ጉባኤ ዘርግተው ቅኔ ሲያስተምሩ ይህ ሀገር ያውቃል። እነሱ ስለ ቀይ ግምጃ ሲናገሩ «ቀይ» ባዶ ድምፅ ነው የሚል ደፋር ካለ ፊታቸው ቀርቦ ይናገር። ከምናውቀው አብዛኛው በወሬ የመጣ ነው።

ጸሐፊው «አንቺ እኮ ሌላ ቤተ ክርስቲያን ገብተሽ ታውቂያለሽ፤ ወሬው የሚያርፍበት አካል አለሽ» ቢሉኝ እቀበላለሁ። ልዩነት አለ። ማሽኑ ከጫፍ እስከ ጫፍ ወሬ ነው። ታዲያ ይህ ጉድለት የት ላይ እንደሚታይ አንድ ቀን አጋጠመኝ። ሴቶች የሚገቡበት ደሴት የቱ እንደሆነ ጠየቅኩት። ክብራንንና አጠገቡ ያለውን እንጦስ ኢየሱስን አቀያይሮ ነገረኝ። ሴት የሚገባው እንጦስ ሆኖ ሳለ ክብራን ነው አለኝ፣ ያውም በሙሉ ልብ። እንግዳ ብሆን ጀልባ ተከራይቼ ሄጄ ከወደቡ እመለስ ነበር።

እናቴ ክብራንን ረግጠውት አያውቁም። የማያውቁትን ሲጠየቁ ግን «እንጃ ልጄ፣ አባትሽን ጠይቂ» ይላሉ። ማሽኑ «እንጃ» ማለት ይከብደዋል። ለእኔ ትልቁ ጉድለት ይህ ነው። ከአካል ማጣትም፣ ከነፍስ ማጣትም በላይ ይህ ያሳስበኛል። የሚያውቀውንና የማያውቀውን በአንድ ድምፅ ይናገራል። ጸሐፊው ጽሑፋቸውን በዚህ ላይ አድርገውት ቢሆን ኖሮ እኔም ለተማሪዎቼ አካፍለው ነበር።

ስለ ቅኔው ብዙ አልልም። ራሴ አንዲት ስንኝ ገጥሜ ፈተንኩት፦

ጣናን ሰንጥቆ ሲሄድ ቆሜ ሳየው፣
ለካስ አባይ ኖሯል ልቤን የወሰደው።

ሰሙ ወንዙ ነው። ወርቁ ውሸታሙ ሰው ነው። ማሽኑ መጀመሪያ ስለ ወንዙ ውበት ብቻ አወራ። «ሌላ የተደበቀ ነገር የለውም?» ስለው አባይ ማለት ውሸታም ማለትም እንደሆነ ጠቅሶ፣ ተናጋሪዋ በሐሰተኛ ፍቅር ተታላለች አለ። ስንኟን ሰሌዳ ላይ ጻፍኳት። ከተማሪዎቼ ጥቂቶቹ ወዲያው ሳቁ። ብዙዎቹ እንደ ማሽኑ ሁለተኛ ጥያቄ አስፈለጋቸው። እነሱን ቅኔ አይገባቸውም ብዬ አላባረርኳቸውም። ራስህ አንድ ግጠም ስለው ግን ያመጣው ስንኝ ቤት አይመታም፣ ወርቅም የለውም። ቅኔ ይዘርፋል የሚለኝ ሰው ካለ እኔም አልቀበልም። አማርኛው ደካማ መሆኑም አያከራክርም። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ በሚጋሩት የፊደላት መዝገብ ውስጥ፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። በኮምፒውተር ላይ በአማርኛ የተጻፈው ገና ጥቂት ነው፤ ማሽኖቹም ቃላችንን ከመጠን በላይ ቆራርጠው ነው የሚያነቡት። «አልነገርኳቸውም» የምትለው አንዲት ቃል ውስጥ ማን እንደተናገረ፣ ለማን፣ መቼ፣ እንዳልሆነም ጭምር አለ። እሷን በትክክል መያዝ ቀላል ሥራ አይደለም። ግን ይህ የምግብ ማነስ ነው። ያልተማረ ልጅ መማር አይችልም አይባልም።

የነፍስን ነገር በአክብሮት አልፈዋለሁ። ጸሐፊው የሚያምኑትን አምናለሁ። ነገር ግን ነፍስ ለማን እንደሚሰጥ የሚወስነው እግዚአብሔር ከሆነ፣ ለዚህ ይሰጣል ለዚያ አይሰጥም ብለን እኛ ድንበር ማበጀታችን ልክ አይመስለኝም። ቱሪንግም እ.ኤ.አ. በ1950 ያነሳው ይህንኑ ነበር። የበለዓምን አህያ አፍ የከፈተ አምላክ በእኛ ክርክር አይታጠርም። ማሽን ነፍስ አለው እያልኩ አይደለም። ታንኳው ለምን እንደሚከብድ መረዳት ነፍስ ይጠይቅ እንደሆነ ግን ከታንኳው ጥያቄ በኋላ እርግጠኛ አይደለሁም።

የቀረው ምክራቸው ነው። በዚህ ዓመት አንድ ጎበዝ ተማሪዬ የተሳሳተ ስሌት ይዞ መጣ። ሦስተኛው መስመር ላይ ምልክቱ ተገልብጧል። «ይህ ከየት መጣ?» አልኩት። «ማሽኑ ነው ያለኝ» አለ። ለዚህ ልጅ «ምንም አይገባውም፣ ተወው» ብለው ምን ይለኛል? እሱ እኮ ትናንት ያቃተውን ጥያቄ ማሽኑ ሲፈታለት፣ ከዚያም አልፎ ለምን እንደዚያ እንደሆነ ሲያስረዳው በዓይኑ አይቷል። እኔን አያምነኝም። እኔን ካላመነ ደግሞ ማሽኑን እንደ መልአክ ነው የሚያምነው። ስለዚህ አብረን ተቀመጥን። አንድ ችግር ሰጥተን፣ ቁጥሩን እየቀየርን፣ ጥያቄውን እየገለበጥን፣ የማያስፈልግ ዓረፍተ ነገር እየጨመርን የት ላይ እንደሚሰበር ፈለግን። አንድ ሰዓት ፈጀብን። ልጁ አሁን ማሽኑ የሰጠውን መልስ ይዞ ሲመጣ ሦስተኛውን መስመር ራሱ አይቶት ነው የሚመጣው።

ለጸሐፊው አንድ ግብዣ አለኝ። በሚመችዎ ቅዳሜ ጠዋት ሐይቁ ዳር እንገናኝ። መጽሐፍ ላይ የሌሉ አሥር ጥያቄዎች ይዘው ይምጡ፤ ስለ ዓሣው፣ ስለ ነፋሱ፣ ስለ እንቦጩ፣ ስለፈለጉት። እኔም አሥር እይዛለሁ። ከመጠየቃችን በፊት ምን ዓይነት መልስ «ገብቶታል» እንደሚያሰኝ ወረቀት ላይ እንጻፍ። ማሽኑ ከወደቀም ውጤቱን በዚሁ ርዕስ ሥር እኔው ራሴ አወጣዋለሁ። ጥያቄዎቹን ግን ለስልኩ ከማሳየታችን በፊት ደንገል ለሚያስሩት ሰዎች እናሳያቸው። መልሱን የሚያውቁት እነሱ ናቸው።